የዓርብ ሌሊቱ ምስጢር

ዛሬ የማጫውታችሁን ታሪክ የምጽፈው ባለቤቴን አስፈቅጄ ነው። "ጻፊው፤ ግን የእኔን ጥፋት ስትዘረዝሪ የራስሽን አትርሺ" ብሎኛል። ስለዚህ ከራሴ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ዓርብ ሌሊት ከእንቅልፌ ብነቃ ከጎኔ ማንም የለም። አልደነገጥኩም። ባለቤቴ የሌሊት ጸሎት የሚወድ ሰው ነውና "ጌታ ቀስቅሶት ይሆናል" ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። በሳምንቱም ዓርብ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዓርብ ግን ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ። መብራቱ ጠፍቷል። የኮምፒዩተሩ ብርሃን ፊቱ ላይ ይጫወታል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። ገና ሲያየኝ ኮምፒዩተሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

"ምነው፣ አልተኛሽም እንዴ?" አለኝ።

"አንተስ?" አልኩት።

"ስብከት እያዘጋጀሁ ነበር።"

እኅቶቼ ሆይ፣ ከዚህ ሰው ጋር 22 ዓመት ኖሬያለሁ። ስብከት ሲያዘጋጅ መብራት ያበራል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ በየግማሽ ሰዓቱ "ሻይ የለም ወይ?" ይላል። ደግሞም የእሑዱን ስብከት ሐሙስ ማታ ጨርሶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ለጥንዶች ትምህርት ከሚሰጡት አንዷ ነኝ። ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ስለሚያስቀምጥ ባል፣ የይለፍ ቃሏን በየሳምንቱ ስለምትቀይር ሚስት፣ በሌሊት በኢንተርኔት ቤታችን ስለሚገባው ርኩሰት ብዙ ተናግሬያለሁ። ከትምህርቶቼ ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ የምለው ደግሞ "ከተጠራጠራችሁ ጠይቁ፤ አትሰልሉ" የሚለውን ነው። ታዲያ ተራው የእኔ ሲሆን ምን አደረግኩ? አልጠየቅኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ኩርፊያዬን በፈገግታ ሸፍኜ ቆየሁና ማክሰኞ ዕለት ባለቤቴ ሆስፒታል በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉ የበኩር ልጃችን የልደት ቀን ነው፤ እሱን እንኳ አልቀየረውም ነበር።

ያያቸውን ነገሮች ዝርዝር ሳወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ዘ ሚድናይት ስፔሻል" ይላል። ከሥሩም "ዘ ሚድናይት ስፔሻል"። ከዚያም ሥር ያው። የእኩለ ሌሊት ልዩ ዝግጅት ማለት እኮ ነው! እስቲ ስሙን ብቻ አይታችሁ ፍረዱኝ። "ጌታ ሆይ፣ አቅም ስጠኝ" ብዬ አንዱን ነካሁት።

የወጣው ከበሮ ነው። ከዚያ ጊታር፣ ፀጉራቸውን እስከ ትከሻ ያወረዱ ወንዶች፣ ከጉልበት በታች የሰፋ ሱሪ፣ ከመድረኩ ዙሪያ ተቀምጠው ራሳቸውን የሚወዘውዙ ወጣቶች። ጢሙን ያጎፈረ አንድ ሰው ብቅ ብሎ በሻከረ ድምፅ እንደ ተኩላ ጮኸ። ሌላውን ነካሁ፤ ዘፈን። ሌላውን ነካሁ፤ ዘፈን። የሃምሳ ዓመት ዘፈን!

ሳቄ መጣ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ንዴቴ ተተካ። በየዓመቱ ለወጣቶች ከዘፈን ስለ መለየት የሚያስተምረው ማን ሆነና ነው? የባለቤቴን ምስክርነት ጉባኤያችን በቃሉ ያውቀዋል፤ ዳግም በተወለደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ በላይ የዘፈን ሸክላ በአንድ ከሰዓት በኋላ በመዶሻ እንደ ሰባበረ። ይህን ሲናገር "አሜን" ያላለ ሰው አላውቅም። እኔም ሳገባው ልቤን ከነኩት ነገሮች አንዱ ያ ቆራጥነቱ ነበር።

ማታ ልጆቹ ወደየክፍላቸው ሲገቡ "ኮምፒዩተርህን ከፍቼ አይቻለሁ" አልኩት። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣም። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ ቆየና፣

"ዘፈኑን አይደለም የማየው" አለ።

"ታዲያ ምኑን ነው?"

"ወንድም ጋሼን።"

ወንድም ጋሼ የሚለው በ11 ዓመት የሚበልጠውን ታላቅ ወንድሙን ነው። ጋሼ ለትምህርት ወደ ቴክሳስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ የሚልክለትም የሚመለስበትም ጠፋ። እንደዚያ ዘመን ብዙ ተማሪዎች ቀን እየተማረ ማታ መኪና ማቆሚያ ቤት እየሠራ ኖረ። በ1978፣ አገር ቤት ወጣት እንደ ቅጠል ከረገፈበት ዘመን በኋላ፣ እናታቸው ያላቸውን ሸጠው ትንሹን ልጃቸውን ወደ እርሱ ላኩት። ባለቤቴ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነው። አንድ መኝታ ቤት ያለው ቤት፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሶፋ፣ አንቴናው ላይ የአልሙኒየም ወረቀት የተጠቀለለበት ትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ እና በመደርደሪያ ላይ በተርታ የቆሙ የጋሼ ሸክላዎች። እንግሊዝኛ አይችልም። ጋሼ ሲወጣ እርሱ ከትምህርት ቤት ይገባል፣ ጋሼ ሲገባ እርሱ ተኝቷል። የሚገናኙት ዓርብ ሌሊት ብቻ ነበር።

ዓርብ ሌሊት ምን እንደ ነበር ላስረዳችሁ፤ እኔም የተረዳሁት ገና አሁን ነው። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን ሌሊት ሌሊት ይተኛ ነበር። በኤን ቢ ሲ የጆኒ ካርሰን የምሽት ዝግጅት ሲያበቃ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የአገሪቱን መዝሙር አሰምተው ይዘጋሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው "ሽ…" የሚል ነጭ ብናኝ ነው። በርት ሹገርማን የሚባል አዘጋጅ በዚያ ባዶ ሰዓት ሙዚቃ ለማስገባት አሰበ። በኦገስት 1972 አንድ የሙከራ ዝግጅት አቀረበ። ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 1973 ጀምሮ ደግሞ "ዘ ሚድናይት ስፔሻል" በየሳምንቱ ዓርብ ሌሊት ለ90 ደቂቃ መታየት ጀመረ። በኒው ዮርክ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። እኛ በምንኖርበት በዳላስ ግን ሰዓቱ በአንድ ስለሚያንስ ልክ በስሙ፣ በእኩለ ሌሊት ይጀምር ነበር።

ባለቤቴ "ቀጥታ ነበር" ይላል። በእርግጥ ዝግጅቱ አስቀድሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ በርባንክ በሚገኘው የኤን ቢ ሲ ስቱዲዮ በቴፕ የሚቀረጽ ነበር። ቀጥታ የሚያሰኘው አጨዋወቱ ነው። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርብ ዘፋኝ አብዛኛውን ጊዜ ሸክላው ከኋላ እየተጫወተ አፉን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር፤ እዚህ ግን አብዛኞቹ ሕዝብ ፊት ቆመው በራሳቸው ድምፅና በራሳቸው ጣት ነው የሚጫወቱት። ላብ ይታያል። ጊታሩ ከቃኘው ሲወጣ ይሰማል። በ1976 ፍሊትውድ ማክ የተባለው ቡድን የተጫወተበት ዛሬም ድረስ ስሙ ይነሣል።

እርግጥ ብቻውን አልነበረም። ኤ ቢ ሲ በኖቬምበር 1972 "ኢን ኮንሰርት" የሚል የሌሊት ዝግጅት ጀምሮ ነበር፤ በመጀመሪያው ሌሊት አሊስ ኩፐር የተባለው ዘፋኝ ሲቀርብ ሲንሲናቲ ውስጥ ያለ አንድ ጣቢያ ተቆጥቶ መሐል ላይ ቆርጦ የካውቦይ ፊልም አስገባ። (ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ልናገር፣ የጣቢያውን ሰው ወደድኩት። አሊስ ኩፐር የእኔ ቤት አይገባም።) በሴፕቴምበር 1973 ደግሞ ዶን ከርሽነር የራሱን "ሮክ ኮንሰርት" ጀመረ፤ ሰውየው እንግዳ ሲያስተዋውቅ ፊቱ እንደ ግድግዳ የማይንቀሳቀስ ነበር ይላል ባለቤቴ። የዚያ ጊዜ ቴሌቪዥን ድምፁ በአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ስለ ነበር አንዳንዶቹ ዝግጅቶች በዚያው ሰዓት በኤፍ ኤም ሬዲዮም ይተላለፉ ነበር። ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ፣ ሬዲዮኑን ከፍቶ፣ ምስሉን ከአንዱ ድምፁን ከሌላው ይወስዳል።

እንደ ተኩላ የጮኸው ሰው ዎልፍማን ጃክ ይባላል። እውነተኛ ስሙ ሮበርት ስሚዝ ነው፤ ከሜክሲኮ ድንበር በሚተላለፍ ሬዲዮ ታዋቂ የሆነ፣ ድምፁ በአሸዋ የታሸ የሚመስል ሰው ነበር፤ በ1995 ሞቷል። ጋሼ ትንሽ ወንድሙን እንግሊዝኛ ያስተማረው በእርሱ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፦ ጋሼ ከሥራ ወደ አምስት ተኩል ገደማ ይገባል፤ በወረቀት ከረጢት የተጠበሰ ዶሮ ይዟል። ዝግጅቱ ሲጀምር አማርኛ ክልክል ነው። ዎልፍማን አንድ ነገር ሲናገር ጋሼ "ምን አለ?" ይላል፤ ማሙሽ ይደግማል። ያልቻለ ቀን ዶሮዋ ለጋሼ ናት። ከዚህ የተነሣ ባለቤቴ ትምህርት ቤት እጁን አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር እንደ ዎልፍማን በሻከረ ድምፅ ተናገረና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግሊዝኛ ማለት እንደዚያ የሚነገር መስሎት ነበር!

"ያን ሰዓት እማዬ አትናፍቀኝም ነበር" አለኝ። "ሌላውን ሌሊት ሁሉ ትናፍቀኛለች። ዓርብ ግን ጋሼ አጠገቤ ነው። እንቅልፍ ከወሰደኝ በእግሩ ነካ ያደርገኛል። ከተኛሁ አመለጠኝ ማለት ነው፤ የሚቀርጽ መሣሪያ የለንም፤ ደግሞ ማየት የሚባል ነገር የለም።"

ዝግጅቱ በሜይ 1 ቀን 1981 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን ኤም ቲ ቪ ተከፈተ፤ ሙዚቃ 24 ሰዓት። ኬብል የሚባለው እነርሱ ቤት አልነበረም። በተከታዩ ዓመት አገር ቤት እናታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቴ በ19 ዓመቱ፣ በ1984፣ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አማኞች የሚሰበሰቡበት ቤት ሄዶ ጌታን ያገኘው። ስለ መዳኑ አልጠራጠርም፤ ፍሬውን ቤቴ ውስጥ በየቀኑ አያለሁ። በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ስለ ዓለም ሙዚቃ አስተማረ። ማሙሽ በእሳት ተሞልቶ ቤት ገባ። ቅዳሜ ነው፤ ጋሼ ሥራ ላይ ነው። መደርደሪያው ላይ 112 ሸክላዎች ነበሩ። ወደ ጓሮ አውጥቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ደርድሮ፣ በመዶሻ…

ይህን እናውቃለን። ሁላችን "አሜን" ያልነው እዚህ ላይ ነው።

"ከ112ቱ የእኔ ሦስት ነበሩ" አለኝ ባለቤቴ።

ዝም አልኩ።

"109ኙ የወንድም ጋሼ ናቸው። ደሞዝ በተቀበለ ቁጥር አንዳንድ እየገዛ 11 ዓመት ያጠራቀማቸው። ሁለቱ ደግሞ በ1973 ከአዲስ አበባ በሻንጣው ይዟቸው የመጣ የአማርኛ ሸክላዎች ናቸው። በአንደኛው ልባስ ላይ እማዬ በእጇ ስሙን ጽፋለት ነበር።"

ጋሼ ማታ ገብቶ ስብርባሪውን አየ። አልጮኸም፣ አልመታውም። መጥረጊያ አምጥቶ መጥረግ ጀመረ። ማሙሽ በባዶ እግሩ ቆሞ ነበርና "ማሙሽ፣ እንዳይቆርጥህ ጫማ አድርግ" አለው። ሌላ ምንም አላለም። በአራተኛው ወር ዕቃውን ይዞ ወደ ኦክላንድ ሄደ።

ጋሼን እኔ የማውቀው በ2003 በሠርጋችን ቀን ነው። በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ኬኩ ሳይቆረስ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በእንቁጣጣሽና በገና የምትደወል አጭር ስልክ ብቻ፤ "እንዴት ናችሁ፣ ልጆች ደኅና ናቸው?" ከሁለት ደቂቃ አትበልጥም። እኔም "ወንጌል የሚጠላ ሰው ነው፣ ልቡ ደንድኗል" ብዬ በጸሎት ዝርዝሬ ውስጥ "ልባቸው ከደነደነ ዘመዶች" ተርታ አስገብቼው 20 ዓመት ጸለይኩለት። እንግዲህ ይኼኛው ጥፋት ኮምፒዩተር ከመክፈትም የሚብስ ሳይሆን አይቀርም።

ያን ሌሊት አልተኛንም። እኔ መጀመሪያ የተናደድኩት በሙዚቃው ነበር፤ አሁን ሙዚቃው ከሐሳቤ ወጣ። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "በየዓመቱ ስመሰክረው ከባድ እየሆነ ሄደ" አለ። "መጀመሪያ ላይ 'ሸክላዎቹን' ነበር የምለው። አንድ ቀን 'ሸክላዎቼን' አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።" ወገኖቼ፣ ምስክርነት በምንናገር ሰዎች ዘንድ ይህች አንዲት ፊደል እንዴት እንደምትገባ ታውቃላችሁ።

በ2023 የዝግጅቱ ባለቤቶች የድሮውን ቴፕ እያጸዱ በዩቲዩብ መልቀቅ ጀመሩ። ባለቤቴ አንዱን በአጋጣሚ አየ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሲነሣ ቆይቷል። እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ወረቀት ጽፌያለሁ። በኤፌሶን ያመኑት ሰዎች የአስማት መጻሕፍት አቃጠሉ፤ ዋጋውም ተቆጥሮ 50 ሺህ ብር ሆነ። መዝሙርና ዘፈን ላይ ስናስተምር ይህን ክፍል እንወደዋለን። እኔ ግን ያቃጠሉት የማንን መጻሕፍት እንደ ሆነ አስተውዬ አላውቅም ነበር። የራሳቸውን ነው! የጎረቤትን መደርደሪያ ማንም አልነካም። ዋጋውን የቆጠሩትም ዋጋው ከራሳቸው ኪስ ስለ ሆነ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው "ሰባኪዋ አንቺ ነሽ" አለኝ። ቀጥዬ ዘኬዎስን አነሣሁበት፤ አራት እጥፍ ከሆነ 436 ሸክላ አለብህ አልኩት። በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ስለ ዘፈን ራሱ ምን ትያለሽ ትሉኝ ይሆናል። በገላትያ 5 ላይ "ዘፋኝነት" ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል "ኮሞስ" ነው፤ በስካር ጎዳና ለጎዳና እየጮኹ የሚደረግ ልቅ ፈንጠዝያ ማለት ነው። በሉቃስ 15 ደግሞ የጠፋው ልጅ ሲመለስ ታላቅ ወንድሙ ከአባቱ ቤት መሰንቆና ዘፈን ይሰማል፤ እዚያ ላይ የገባው ግሪክ "ኮሮስ" ነው፤ የደስታ ጭፈራ። ሁለት የተለያዩ ቃላት በእኛ አማርኛ አንድ ሆኑ። ይህን የምለው ዘፈንን ላስፈቅድላችሁ አይደለም። ብዙ ዘፈን ሰውን ወዴት እንደሚወስድ አይቻለሁ፤ የእኔ ልጆች የሚሰሙትን እቆጣጠራለሁ፤ ነገም እቆጣጠራለሁ። ነገር ግን በዚያ ምሳሌ ላይ ከደጅ የቀረው ታላቅየው እንጂ ታናሹ እንዳልሆነ እያሰብኩ ባለቤቴን አየሁት። በእኛ ቤት ታናሹ ነው ደጁን ዘግቶ ታላቁን ያስወጣው።

እኔ ራሴ የሌሊት ቴሌቪዥን ትዝታ የለኝም ብዬ ነበር፤ ግን አለኝ። ልጅ ሳለሁ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ተዘግተው ስለ ነበር በየቤቱ ተደብቀን ነው የምንሰበሰበው፤ መዝሙር የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሲሆን ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑን መስኮቱ አጠገብ አድርጎ ድምፁን ይለቀዋል፤ ሠፈሩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ዘፈኑ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። አባቴ ያቺን ሌሊት ይጠብቃት ነበር። ለምን መሰላችሁ? በዚያ ጩኸት መካከል ማንም አይሰማንምና! በዓመት አንድ ሌሊት አፋችንን ሞልተን እንዘምር ነበር። የጎረቤቱ ቴሌቪዥን የተዘጋ ጊዜ አባቴ እጁን ያነሣል፤ ወደ ሹክሹክታችን እንመለሳለን። እስከ ዛሬ የበዓል ዋዜማ ዘፈን ስሰማ አፌ ላይ የሚመጣው መዝሙር ነው።

ባለቤቴ ለመደወል አምስት ሳምንት ፈጀበት። ስልኩን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። በዲሴምበር የመጀመሪያ እሑድ ስብከቱን ከመጀመሩ በፊት ምስክርነቱን አስተካክሎ ተናገረ፤ 112፣ ሦስት፣ 109 እያለ። "አሜን" ያለ ሰው አልነበረም። አንዲት እናት ሲያለቅሱ ሰማሁ። ከአገልግሎቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎተት አድርገው "ታዲያ አሁን ፓስተር ዘፈን ፈቀዱ ማለት ነው?" አሉኝ። "የለም አባቴ፣ ሌብነት ከለከሉ" አልኳቸው። ትንሽ ድፍረት ነበረበት፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ልጃችን ነው ሐሳቡን ያመጣው። በአምልኮ ቡድናችን ውስጥ ባስ ጊታር ይጫወታል፤ ክሊፖቹን ሲያይ "አባዬ፣ ይኼ እኮ የኛው አጨዋወት ነው" ብሎ አስደነገጠን። ያገለገሉ ሸክላዎች የሚሸጡበት ሱቅ ወሰደን። ባለቤቴ በመደርደሪያዎቹ መካከል እንደ ሕፃን ቆሞ አየሁት። የመረጠው የአል ግሪንን ነው። አል ግሪን በዝግጅቱ የመጀመሪያ ዓመታት ደጋግሞ የቀረበ ዘፋኝ ነበር፤ በ1976 ሜምፊስ ከተማ ፉል ጎስፕል ታበርናክል የተባለች ቤተ ክርስቲያን ከፍቶ ፓስተር ሆነ። ባለቤቴ "ይኼን ብልክለት ሁለታችንም እናፍርበትም" አለ። ከደብዳቤ ጋር ጠቅልለን ላክነው። ደብዳቤውን አላነበብኩትም። እኔም ተምሬያለሁ።

በስምንተኛው ቀን ማታ ስልክ ጮኸ። ባለቤቴ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው።

"ማሙሽ።"

"አቤት ወንድም ጋሼ።"

"ይኼ ሸክላ የኋላ ቅጂ ነው። እኔ የነበረኝ የመጀመሪያው ነው።"

ባለቤቴ መልስ አጣ። ከዚያ ማዶ የሚንፏቀቅ ሳቅ መጣ፤ በ22 ዓመት ጋሼ ሲስቅ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ቆመ።

"ሸክላውን ድሮ ትቼዋለሁ" አለ። "የእማዬን ጽሕፈት ግን አልተውኩትም። እሱን አልዋሽህም።"

"አውቃለሁ" አለ ባለቤቴ።

"እሺ። ዓርብ ደውል።"

አሁን ዓርብ በእኛ እኩለ ሌሊት፣ በኦክላንድ አራት ሰዓት ሲሆን ይደዋወላሉ። ሁለቱም ያንኑ ክሊፕ ይከፍቱና "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለው አብረው ይጀምራሉ። የጋሼ ኢንተርኔት ሁልጊዜ በሁለት ሰከንድ ይዘገያል፤ እርሱ ደግሞ የእኛ ነው የቸኮለው ይላል። አንዳንድ ዓርብ ይኮራረፋሉ። አንድ ዓርብ ጋሼ ከነአካቴው ስልኩን አላነሣም፤ በሳምንቱም ምክንያቱን አልተናገረም፤ ባለቤቴም አልጠየቀውም። ስለ ጌታ እስካሁን አልተነጋገሩም። እኔ መጸለዬን አላቆምኩም፤ ከዚያ ዝርዝር ግን ስሙን አውጥቼ ወደ ሌላ ገጽ አዛውሬዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ እኔም ብርድ ልብስ ይዤ መጥቼ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ክሊፑ ሳይጀመር ጋሼ "ቆይ፣ አንድ ነገር አግኝቻለሁ" አለ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። እናታቸው በ1979 የጻፉለት ደብዳቤ ነው። መነጽሩን እስኪያደርግ ጠበቅነው። ሰላምታው፣ የዘመዱ ሁሉ ስም፣ የጤፍ ዋጋ፣ የሞተ ሰው፣ የተወለደ ልጅ። መጨረሻ ላይ ድምፁ ዝግ አለ። "ማሙሽ ሌሊት ቶሎ ይተኛ፣ ሕፃን ነውና እንዳታስመሸው አደራ" ይላል።

ከዚህ ወገንም ከዚያ ወገንም ለብዙ ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ሰዓቱን አየሁ፤ ከሌሊቱ ስድስት ተኩል አልፏል። ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።